የኮሌጅ መምህራን ቢሮና ቅይጥ አሠራር፤ ባዶ ወንበር በመቁጠር ስለሚወጣ ፕላን የቀረበ ሒስ

በከፍተኛ ትምህርት ተቋሞቻችን የሕንፃ ነገር በተነሣ ቁጥር ውይይቱ የሚያተኩረው በመማሪያ ክፍል፣ በቤተ ሙከራ፣ በቤተ መጻሕፍትና በተማሪዎች መኝታ ቤት ላይ ነው። የመምህሩ ቢሮ ግን ከዋና ዋናዎቹ ክፍሎች በተረፈ ጥግ የሚሠራ፣ ስለ ጠቀሜታውም ብዙ ያልተጻፈለት ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነገሩ በሌላ በኩል ተነሥቷል። መምህሩ ከሳምንቱ ቀናት ከፊሉን በቤቱ፣ ከፊሉን በግቢው ተገኝቶ የሚሠራበት ልማድ፣ በዚህ ጽሑፍ «ቅይጥ አሠራር» የምንለው፣ በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ስለሆነም «የሳምንቱን እኩሌታ ተቆልፎ ለሚውል ክፍል ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ ይቀርባል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሒስ የሚያርፈው በጥያቄው ላይ ሳይሆን፣ ከጥያቄው ተነሥቶ በጥድፊያ በሚደረስበት መልስ ላይ ነው።

መልሱ ባጭሩ የሚከተለው ነው። አንድ ሠራተኛ በኮሪደሩ እየተመላለሰ የተያዙትንና ባዶ የሆኑትን ወንበሮች በየሰዓቱ ይቆጥራል። ከዐሥር ወንበር አራቱ ብቻ ተይዘው ከተገኙ ለዐሥር መምህራን አምስት ጠረጴዛ ይበቃል ተብሎ ይደመደማል። ከዚያ በኋላ በክፍሎቹ መካከል ያለው ግድግዳ ፈርሶ አንድ አዳራሽ ይሆናል፤ ጠረጴዛው ባለቤት አይኖረውም፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይቀመጣል፤ የተረፈው ስፍራም ለሌላ አገልግሎት ይውላል። ስሌቱ ንጹሕ ስለሚመስል ለመቃወም ያስቸግራል። ይሁን እንጂ አንድ መሠረታዊ ጉድለት አለበት፤ ይኸውም የሚቆጥረው የመምህሩን መቀመጥ እንጂ መምህሩን ፈልጎ የመጣውን ሰው አለመሆኑ ነው። በዚህ ስሌት ቢኬድ የአማኑኤል ከተማ የገበያ ሜዳ ገበያ በማይውልበት ቀን ጭር ስለሚል ስፋቱ በሳምንቱ አማካይ ሰው ልክ ይቀነስ ማለት ይቻል ነበር። ገበያተኛ ግን በአማካይ አይመጣም፤ የሚመጣው በገበያ ቀን ነው።

ሐሳቡ አዲስ አለመሆኑንም ማስታወስ ይጠቅማል። በአሜሪካ ሮበርት ፕሮፕስት የተባለው የንድፍ ባለሙያ ለሄርማን ሚለር የቤት ዕቃ ድርጅት በ1960ዎቹ እ. ኤ. አ. ያወጣው የቢሮ ዕቃ ንድፍ፣ ሠራተኛው ጠረጴዛውንና ክፍልፋዩን እንደ ሥራው ጠባይ እንዲያዛውር ለማስቻል የታሰበ ነበር። ድርጅቶች ግን ንድፉን የወደዱት በጠባብ ስፍራ ብዙ ሰው ስለሚያስቀምጥላቸው ሆነ። ውጤቱም ሣጥን የሚመስል፣ በአጭር ክፍልፋይ የታጠረ ቢሮ ሆነና ፕሮፕስት ራሱ በኋላ ዘመኑ አወገዘው። በ1990ዎቹ ደግሞ ቻያት ዴይ የተባለው የማስታወቂያ ሥራ ድርጅት በሎስ አንጀለስና በኒው ዮርክ ቢሮዎቹ የግል ጠረጴዛን ጨርሶ አስቀረ። ሠራተኛው ጠዋት ሲገባ ስልክና ላፕቶፕ ይረከባል፤ ዕቃውን በሎከር ያኖራል፤ ባገኘው ስፍራ ይቀመጣል። ብዙ ሳይቆይ ስልኩና ላፕቶፑ ለሁሉም አልዳረስ አለ፤ ሰዎች ወረቀታቸውን በመኪናቸው ኋላ ማኖር ጀመሩ፤ እርስ በርስ መፈላለግ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ፤ ድርጅቱም ዐሥርቱ ዓመት ሳያልቅ ሙከራውን ተወው። በ2018 እ. ኤ. አ. ኤታን በርንስቲንና ስቲቨን ተርባን በሁለት ታላላቅ ድርጅቶች ላይ ያደረጉት ጥናት ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። ግድግዳው ፈርሶ ቢሮው ክፍት አዳራሽ ከሆነ በኋላ ሠራተኞቹ ፊት ለፊት የሚነጋገሩበት ጊዜ 70 በመቶ ያህል ቀንሶ፣ በኤሌክትሮኒክ መልእክት መጻጻፋቸው ጨመረ። ሰው በሁሉ ዘንድ የሚታይና የሚሰማ ሲሆን አንደበቱን ይቆጥባል ማለት ነው።

እነዚህ የንግድ ድርጅት ሠራተኞች እንጂ መምህራን አይደሉም የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ሆኖም ለመምህር ነገሩ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። የማስታወቂያ ሠራተኛ የሚነጋገረው በአብዛኛው ከእኩያው ጋር ነው። ወደ መምህር ቢሮ የሚመጣው ግን ውጤቱ ያሳሰበው፣ ትምህርቱን ሊያቋርጥ የተቃረበ፣ ወይም የሚያፍርበት ችግር ያለበት ተማሪ ነው። ይህን ነገር ዐሥራ አምስት ሰው በሚሰማው አዳራሽ የሚናገር ተማሪ አይገኝም።

ወደ ራሳችን ቤት ስንመለስ የምናገኘው ነባር ቢሮም ቢሆን የሚያኮራ አይደለም። በ1954 ዓ. ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተሰጠ ጊዜ ለመኖሪያ የተሠሩ ክፍሎች የትምህርትና የአስተዳደር ሥራ ማከናወኛ ሆኑ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም የተደራጀው በዚያው ነው። ለሌላ ዓላማ በታነጸ ቤት ውስጥ እንዳመቸ መደልደል ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አብሮን አለ። በ1990ዎቹ ዓ. ም. መጨረሻ ዐሥራ ሦስት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ፕሮግራም ሲቋቋሙ ደግሞ ከባዶ ሜዳ ተነሥቶ የመምህሩን ቢሮ በሚገባ ለማሰብ ዕድል ነበር። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ. ም. ማስተማር የጀመረው በዚሁ ማዕበል ነው። ይሁን እንጂ የዘመኑ ጭንቀት ለተማሪው ቁጥር የሚበቃ መማሪያ ክፍልና መኝታ ቤት ማድረስ ነበርና የመምህሩ ቢሮ በየስፍራው እየተደጋገመ በተሠራ ፕላን ውስጥ የተረፈውን ያዘ።

ውጤቱን ለአንባቢ ማብራራት አያሻም፤ በማንኛውም ኮሌጅ ኮሪደር ያለፈ ሰው ያውቀዋል። የዲኑ ክፍል ሰፊ ጠረጴዛ፣ ከእርሱም ፊት በቲ ቅርጽ የተቀጠለ የስብሰባ ጠረጴዛ፣ በግድግዳው ጥግ ሶፋ፣ በሩ ላይ ደግሞ የጸሐፊ ክፍል አለው። አራት ወይም አምስት ሌክቸረሮች በሚጋሩት ክፍል ግን ጠረጴዛዎቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመዋል፤ መደርደሪያው ከቺፑድ የተሠራ ሆኖ በወረቀት ክብደት ጎብጧል፤ ለእንግዳ የሚሆን ወንበር ከጎረቤት ክፍል ይለመናል፤ ሶኬቱ አንድ ነው። ካሬ ሜትር የሚታደለው በማዕረግ እንጂ በሥራ ብዛት አይደለም። የትምህርት ክፍል ኀላፊው በቀን ስንት ተማሪ ያነጋግራል፣ ጀማሪው መምህርስ ስንት ያነጋግራል ተብሎ ቢጠየቅ ድልድሉ ሊገለበጥ ይችል ነበር።

እንግዲህ የአማኑኤልን፣ የቢቸናንና የሞጣን ነገር የምናነሣው እዚህ ላይ ነው። አማኑኤል የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። ቢቸናና ሞጣ ደግሞ ከደጀን ተገንጥሎ በደብረ ወርቅ በኩል በሚያልፈው በሌላው መንገድ ላይ ናቸው። በእነዚህ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ መምህራን ዕውቀታቸውን የሚያሻሽሉት በክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ኮሌጅ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፤ የሌላውን የትምህርት ዘመን ሥራ በጥቂት ሳምንታት ይጨርሳሉ፤ መስከረም ሲጠባ ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ። በመካከሉ ያለው ጊዜ፣ በተለይ የመመረቂያ ጽሑፍ በሚዘጋጅበት ዓመት፣ የሚሞላው በአማካሪው መምህር ነው። የሞጣው መምህር ከርእሰ መምህሩ ሁለት ቀን ለምኖ፣ አዳሩን በተማሪ ቤት ወይም በአልጋ ቤት አድርጎ፣ የጽሑፉን ምዕራፍ በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣል። የሚፈልገው አንድ ሰዓት ነው፤ ያንን አንድ ሰዓት ካጣ ግን የጠፋበት አንድ ሰዓት ሳይሆን አንድ መንፈቅ ነው። ወንበር ቆጣሪው በዚያ ቀን «ባዶ» ብሎ የመዘገበው ወንበር ለዚህ ሰው ምን እንደነበረ በመዝገቡ ውስጥ አይታይም።

በቅይጥ አሠራር የሚያምኑ ሰዎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ «በኢንተርኔት ይገናኙ» የሚል ነው። ይህ መልስ በአገራችን ሁለት ጊዜ ተፈትኗል። የመጀመሪያው በ2012 ዓ. ም. ነው። የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን ከተነገረ ከጥቂት ቀናት በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤታቸው ተሸኙ። የድኅረ ምረቃው ትምህርት በኢሜይልና በቴሌግራም እየተላላከ ለመቀጠል ሲሞክር፣ ብዙው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ግን ወደ ግቢው እስኪጠራ ድረስ ጠበቀ። ሁለተኛው ፈተና ይበልጥ የከበደ ነበር። በ2015 ዓ. ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። መንገዱም አንዳንድ ጊዜ ክፍት፣ አንዳንድ ጊዜ ዝግ ሆነ። በርቀት መገናኘትን መሠረቱ ያደረገ አሠራር በእንዲህ ዓይነት ጊዜ ምን እንደሚተርፈው የክልሉ መምህራን ከማንም የበለጠ ያውቁታል። መንገድ በተከፈተ ቀን እንደምንም ደርሶ በሩን የሚያንኳኳ ተማሪ በሩን ማወቅ፣ ከበሩም ጀርባ ሰው ማግኘት ይኖርበታል። ስለሆነም መምህሩ በግቢው የሚውልባቸው ቀናት በቀነሱ መጠን ቢሮው የሚሰጠው ጥቅም ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ወንበር በመቁጠር የሚወጣው ፕላን የሚስተው ይህን ነው።

ሰው በየበኩሉ ተለይቶ ሲሠራ ውሎ በተወሰነ ሰዓት መምህሩን የሚያገኝበት ሥርዓት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው ስፍራዎች አንዱ የነበረውና በቢቸና አካባቢ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ፣ እንዲሁም ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርታቸው ስማቸው የታወቀ ነው። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ በዛፍ ጥላ ወይም በመቃብር ቤት ጥግ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ይህ ሥራ ጸጥታና ብቸኝነት ይፈልጋል። ሰዓቱ ሲደርስ ወደ መምህሩ ወይም ወደ አስነጋሪው ቀርቦ ቅኔውን ይነግራል፤ የጎደለው ይሞላለታል፤ የተሳሳተው ይታረምለታል። መምህሩም ቅኔ በሚዘርፉበት ጊዜ ጉባኤው ተሰብስቦ ይሰማል። ሦስቱ ሥራዎች ሦስት ዓይነት ስፍራና ሦስት ዓይነት ሰዓት አሏቸው፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይደባለቅም። የኔታ የት እንደሚገኙ የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ለነገራውም ቀጠሮ በደብዳቤ አይጠየቅም። የቤተ ክህነቱ ትምህርት ሁሉም ነገሩ ለኮሌጅ ይስማማል ማለታችን አይደለም። መምህሩ ከጉባኤ ቤቱ የማይለዩ፣ ተማሪውም በቁራሽ የሚኖር ነበርና ያንን ዋጋ ዛሬ ማንም እንዲከፍል አይጠየቅም። የሚወሰደው ቁም ነገር የስፍራና የሰዓት ክፍፍሉ ነው።

የዘመኑ ክፍት አዳራሽ የሚያበላሸው ይህንኑ ክፍፍል ነው። ፈተና የሚያርመው፣ ተማሪ የሚመክረው፣ በስልክ የሚነጋገረውና በቪዲዮ የሚያስተምረው በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሰበሰቡ ሁሉም እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ውሎ አድሮም መምህሩ ሥራውን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ነገር ግን «ወደ ቤቱ» ስንል የማንን ቤት ማለታችን ነው? የራሱ ቤት ያለው፣ ልጆቹ የደረሱለት አንጋፋ መምህር በሳሎኑ አንድ ጥግ ይዞ ሊሠራ ይችል ይሆናል። በቅርቡ የተቀጠረው ሌክቸረር ግን የሚኖረው በኪራይ በያዛት አንዲት ክፍል ነው፤ አልጋው፣ የምግብ ማብሰያውና መጽሐፉ በአንድ ላይ ናቸው፤ ግቢውን ከሦስት አባወራ ጋር ይጋራል። የሐምሌ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንኳን በቪዲዮ ማስተማር፣ ከጎን ያለውን ሰው መስማትም አይቻል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የለውም። ስለዚህ ቢሮውን አጥፍቶ «በቤትህ ሥራ» ማለት ወጪውን ከመንግሥት በጀት አንሥቶ በዝቅተኛው ደመወዝተኛ ላይ መጫን ነው። በሌላ በኩል ሕፃን ልጅ ላላት መምህርት ከሳምንቱ ሁለት ቀን በቤት መሥራት መቻል ትልቅ እፎይታ መሆኑ አይካድም። ይህ ጽሑፍ ቅይጥ አሠራርን የሚነቅፍ ሆኖ እንዳይታይ የምንጠነቀቀው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

የሚነቀፍ ነገርስ በመምህራኑ በኩል የለምን? አለ። የግል ጠረጴዛውን ቁልፍ በኪሱ ይዞ መንፈቁን ሙሉ በሌላ ተቋም በትርፍ ሰዓት የሚያስተምር ሰው አይታጣም። ለእንዲህ ያለው ሰው ቅይጥ አሠራር መልካም መሸሸጊያ ይሆንለታል። ይሁን እንጂ እርሱን ለመቅጣት ተብሎ የሚፈርሰው ግድግዳ የሚጎዳው በሩን ከፍቶ የሚጠብቀውን መምህር ነው።

እንግዲህ ቢሮው እንደ አዲስ ይታሰብ ከተባለ መነሻው የተማሪው መምጣት ይሁን። ጠረጴዛን መጋራት በራሱ ክፉ አይደለም፤ የሚከፋው ባለቤት አልባ ማድረጉ ነው። ሁለት መምህራን የግቢ ቀናቸውን ተነጋግረው ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ ለአንዱ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ለሌላው በማድረግ አንድ ጠረጴዛ ቢጋሩ፣ በሩ ላይ ሁለት ስምና ሁለት የቀን ሰሌዳ ተለጥፎ ክፍሉ አምስቱንም ቀን ሰው ይኖረዋል፤ የተማሪውም ድካም ይቀንሳል። በዚህ መንገድ ስምንት ሰው በአራት ጠረጴዛ ሊሠራ ይችላልና የፕላን ሠራተኛው የሚፈልገውን ቁጠባ ያገኛል። የማይጋሩት ነገር ግን ቁልፍ ያለው ካቢኔት ነው። የፈተና ወረቀት፣ የውጤት መዝገብና የተማሪ ጽሑፍ በሎከር ጥበትና በሻንጣ የሚንከራተት ዕቃ አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ለምክር የሚሆን ትንሽ ክፍል ነው። ሁለት ሰው ከነወረቀቱ የሚያስቀምጥ፣ ግድግዳው እስከ ጣሪያ የደረሰ፣ ድምፅ የማያሳልፍ፣ በሩ ላይ ግን መስተዋት ያለው ይሁን። መስተዋቱ ለጌጥ አይደለም። ሴት ተማሪ ውጤቷን ለመጠየቅ በተዘጋ በር ጀርባ ከአንድ መምህር ጋር ብቻዋን መቀመጥ ሊያስፈራት እንደሚችል፣ ይህም ፍርሃት ከንቱ እንዳልሆነ በትምህርት ዓለም የኖርን ሁሉ እናውቃለን። የሚታይ ነገር ግን የማይሰማ ክፍል እርሷንም፣ ቅን የሆነውንም መምህር ይጠብቃል። የዚህ ክፍል ስፍራም ይታሰብበት። ቶማስ አለን በ1970ዎቹ እ. ኤ. አ. በምርምር ድርጅቶች ላይ ባደረገው ጥናት፣ በሁለት ሰዎች መካከል ያለው ርቀት ሲጨምር የሚነጋገሩበት ዕድል በፍጥነት እንደሚቀንስ፣ ከ50 ሜትር ገደማ በኋላም እጅግ አነስተኛ እንደሚሆን አሳይቷል። የምክሩ ክፍል ተማሪው በሚመላለስበት በመማሪያ ክፍሎቹ ፎቅ ላይ ቢሆን የሚሻለው ስለዚህ ነው። በአስተዳደር ሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ፣ ከዲኑ ጸሐፊ ባሻገር የሚገኝ ክፍል ብዙ ተማሪ አይደፍረውም።

አግዳሚ ወንበርም መዘንጋት የለበትም። በብዙ ኮሌጆቻችን ተማሪ መምህሩን የሚጠብቀው በኮሪደሩ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነው። ከእንጨት የተሠራ ረጅም አግዳሚ ከአንድ የዲን ሶፋ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ጥቂት ነው፤ ስድስት ሰውም ያስቀምጣል። በአግዳሚው አጠገብ የማስታወቂያ ሰሌዳ ቢሰቀል፣ በሰሌዳውም ላይ የመምህራኑ የቀን ተራ በየሳምንቱ ቢለጠፍ፣ ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም የሚነበብ መልእክት ይሆናል። ተራው ሲለወጥ ደግሞ ለትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ስልክ ተደውሎ የሚረጋገጥ ይሁን፤ ከቢቸና የሚነሣው ሰው የመኪና ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት ሊያውቅ ይገባዋል።

ቆጠራውን በተመለከተም አንድ ሐሳብ እንጨምራለን። ቆጠራ ከተፈለገ በትምህርት ክፍሉ በር ላይ አንድ ደብተር በሲባጎ ይታሰር፤ መምህር ፈልጎ የመጣ ሁሉ ቀኑን፣ የመጣበትን ከተማ፣ የፈለገውን መምህርና ያገኘ ወይም ያላገኘ መሆኑን ይጻፍበት። ስሙን መጻፍ አያስፈልገውም። የክረምቱ ደብተር ከመደበኛው ለብቻ ይያዝ፤ ምክንያቱም በሐምሌና በነሐሴ የሚመጣው ሰው ቁጥርም ርቀትም የተለየ ነው። የግድግዳው መፍረስ ወይም መቆም የሚወሰነው ቢያንስ የአንድ ዓመት ደብተር ከተነበበ በኋላ ይሁን፤ በንባቡም ጊዜ «አላገኘሁም» የሚለው ዓምድ ከሁሉ አስቀድሞ ይደመር።